ሁለት ዓይን የሰጠኋት ሴት

ሥዕሉ መካነ ሰላም የደረሰው በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ሲጋመስ ነው። ከእርዳታው ስንዴ ጋር በአንድ መኪና መጣ። ጥቅልሉን ተቀብዬ የፈታሁት እኔ ነኝ። ያኔ በአንድ ጽሕፈት ቤት የቅስቀሳ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ደሴ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለተባለ በየአቡጀዲው ላይ መፈክር የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ቸኮል ወደ ሰሜን ከዘመተ ሁለት ዓመት፣ ደብዳቤው ከተቋረጠ ሰባት ወር ሆኖታል። ልጄ አበቡ ገና አምስት ዓመቷ ነው። ያ ሥራ ባይኖር እኔና እሷም በመጋዘኑ ደጅ ከተሰለፈው ሕዝብ ጋር እንሰለፍ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በሩን ስገፋ የመጀመሪያ ሐሳቤ «ዛሬ ያባርሩኛል» የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳቤ ከዚያ የባሰ ስለሆነ አልጽፈውም።

ሥዕሉ የአንድ በር ያህል ትልቅ ነው። አንድ ገበሬ፣ ሚስቱና ልጁ በበቆሎ ማሳ መካከል ቆመው በስተቀኝ ወደምትወጣው ፀሐይ ይመለከታሉ። ከኋላቸው ቀይ ትራክተር አለ። ከላይ «ወደ ለምለሙ ምድር! ሰፈራ የነገ ተስፋችን ነው!» ይላል። ሦስቱም ወደ ጎን ስለዞሩ ከእያንዳንዳቸው የሚታየው አንድ ጉንጭ፣ ግማሽ አፍና አንድ ዓይን ብቻ ነው። የሣለው ሰው ነገን አሻግረው ሲያዩ ማሳየቱ ነበር። ይህ ገብቶኛል። ነገር ግን የአባቴም ልጅ ነኝና መጀመሪያ የቆጠርኩት ዓይኖቻቸውን ነው።

አባታችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ከቦረና እስከ ተንታ ባሉ አጥቢያዎች እየዞረ ሲሥል፣ እኔ ትልቋ ልጁ ቀለም እፈጭለት ነበር። መጀመሪያ ያስተማረኝ ይህን ነው። «ጻድቅ በሙሉ ፊቱ ያይሻል፤ ሁለት ዓይን ትሰጪዋለሽ። ኃጥእ ግን ሊያይሽ አይደፍርም፤ ወደ ጎን አዙሪው፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል።» ይሁዳ አንድ ዓይን ነው። ጌታን የሚገርፉት፣ ሰማዕታቱን የሚያሠቃዩት፣ ሲዖል ደጃፍ ቆመው ነፍስ የሚጎትቱት ሁሉ አንድ ዓይን ናቸው። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ቅዳሴ በቆመ ቁጥር ይህን ሲያነብ ኖሯል። ማን እንዳስተማረው ብትጠይቁት አይነግራችሁም፤ ግን ያውቀዋል።

የክፍላችን ኃላፊ ጓድ አምባቸው ሥዕሉን በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ስንዴው ከሚታደልበት በር አጠገብ አሰቀለው። ከሥሩ የሰፈራ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ተደረገ። መዝገቡን ይዤ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ ያያል፣ ያማትባል፣ ስንዴውን ይዞ ከጠረጴዛው ርቆ ዞሮ ይሄዳል።

«ኧረግ! እኒህ ደግሞ የማን አገር ሰዎች ናቸው?» አለች አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት።

«የአንድ ዓይናዎች አገር» አላት ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ። «እዚያ ስትደርሺ አንዱን ዓይንሽን በር ላይ ተቀብለው ያስቀምጡልሻል።»

«ትራክተሩም እኮ አንድ ዓይን ነው!»

«እሱማ አለቃቸው ነው። ቀንዱን አላየሽውም?» ብሎ የጭስ ማውጫውን በበትሩ አሳያት።

ሰልፉ ሳቀ። የራበው ሰው ሳቅ ስለሆነ ቶሎ አለቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነችው።

በአሥር ቀን ውስጥ የተመዘገቡት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጓድ አምባቸው ከበላይ በየቀኑ ቁጥር ይጠየቃል። ክፉ ሰው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ደግ ነበር ብል የሚቆጣኝ ብዙ ሰው አለ። ፈሪ ነበር፤ እንደኔ። በአሥረኛው ቀን በሩን ዘግቶ እንዲህ አለ፦

«ይሄ አሉባልታ ነው። የሚነዛው ሰው አለ። ቄስ ውበቱ ናቸው፤ ትናንት ሰልፉ መካከል ቆመው ሲያወሩ ታይተዋል።»

ቄስ ውበቱ የአባታችንን ፍትሐት ያደረሱ፣ አበቡን ክርስትና ያነሡ ሽማግሌ ናቸው። በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ስም በዚያ ቃና ከተጠራ በኋላ ሰውየው የት እንደገባ አይጠየቅም። ቀጥሎ የሚጠራው ማን እንደሆነም አውቃለሁ፤ የሳቸውን ቤት የሚያዘወትር፣ ማለትም እኔ። ለቄሱ ብዬ ተናገርኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። የተናገርኩት ግን ልጄ እናት እንዳታጣ ነው።

«ጓድ፣ ማንም አልነዛም» አልኩት። «ዓይኑ ነው።»

«የምን ዓይን?»

አባቴ ያስተማረኝን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወጥቶ ሥዕሉ ፊት ለፊት ቆመና ረጅም ጊዜ አየው። ሲመለስ አይስቅም ነበር።

«እንግዲያ አንቺ ሣይው።»

«እኔ?»

«የሠዓሊ ልጅ አይደለሽ? አቡጀዲ አለ፣ የዘይት ቀለም አለ። ሁለት ዓይን ስጫቸው። አራት ከፈለጉም አራት ስጫቸው። ብቻ ይመዝገቡልኝ!»

«ቄስ ውበቱስ?»

«ሰዉ ከተመዘገበ እሳቸው ምን ያደርጉልኛል?»

አራት ቀን ሠራሁ። ተገድጄ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ብሩሹን ከያዝኩ በኋላ ግን ፍርሃቴ ተወኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ክፉ ክፉውን ሳላስብ የዋልኩት በነዚያ ቀናት ብቻ ነው። ገበሬውንና ትራክተሩን ወደ ዳር ገፋኋቸው። መካከሉ ላይ ሴትዮዋን አቆምኩ፤ በሙሉ ፊቷ፣ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች የሚያያትን ሰው ታየዋለች። ልጁን በግራ ክንዷ አስታቀፍኳት። ቀሚሷን ቀይ፣ ከላይ የደረበችውን ሰማያዊ አደረግሁት።

«ሰማያዊው ደስ ይላል» አለ ጓድ አምባቸው።

እመቤታችንን ልጇን እንደታቀፈች ሲሳለም ያደገ ሰው ግን ያን ቀይና ሰማያዊ ከሩቅ አይቶ አንገቱን ይሰብራል። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት።

ከማሳው ጀርባ ጉብታ ሣልኩ፤ ጉብታው ላይ ክብ የጽድ ደን።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ዛፍ ነው፣ ጓድ።»

አልዋሸሁም። ነገር ግን በኛ አገር፣ ሜዳውም ተራራውም ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ፣ ጽድ ተጠቅጥቆ የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ጉልላቱን መሣል አላስፈለገኝም፤ የሚያየው ሰው ራሱ ይሥለዋል። ሰው ደግሞ ራሱ የሣለውን አይጠራጠርም።

ወንዝ ጨመርኩ። የልጁን ክንድ አወፈርኩት። እጁ አንጓ ላይ፣ የጠገበ ሕፃን ብቻ ያለውን ያን በክር የታሰረ የሚመስል እጥፋት አደረግሁለት። አበቡ አጠገቤ ቆማ ስታይ ቆየችና «እማ፣ ሕፃኑን ምን ነክቶት ነው ያበጠው?» አለችኝ። ብሩሹን አስቀምጬ ወጣሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ተመልሼ ጨረስኩት።

አዲሱ ሥዕል ማክሰኞ ተሰቀለ። አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው የአቡጀዲውን ጫፍ ተሳለሙ። ቀጥሎ ወሬው ተጀመረ።

«ቤተ ክርስቲያንም አለው!»

«የማን ታቦት ይሆን?»

«የሚካኤል ነዋ። ወንዝ ዳር ነው፣ አታየውም?»

«ሚካኤልማ ወንዝ ዳር አይተከልም። የኪዳነ ምሕረት ነው።»

ስለሌለ ቤተ ክርስቲያን ታቦት ሲከራከሩ ራሴን ደፍቼ እሰማ ነበር። በትራክተሩ ቀንድ ሲቀልድ የነበረው ሽማግሌ ጠረጴዛው ዘንድ መጣና «ጻፊኝ፣ ልጄ። ይቺኛዋስ ታየኛለች» አለኝ። እስከ ቅዳሜ የመዝገቡ ገጾች ሞሉ። የቄስ ውበቱን ስም ያነሣ የለም። ጓድ አምባቸው በደስታ ለጎረቤት ከተሞቹ ለአጅባርና ለማሻም አንድ አንድ እንድሥል አዘዘኝ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ታናሽ እህቴ ይርገዱ መጣች። የምትኖረው ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ፣ ከባሏ ከአካሉ ጋር ነው። የሰባት ዓመቷ ድንቅነሽና ገና የሚጠባው መለሰ ልጆቿ ናቸው። በሬዎቻቸው በሐምሌ አልቀዋል። ከራሽኔ ከፍዬ እልክላቸው ነበር፤ በቂ እንዳልሆነ አውቃለሁ። መለሰን አዝላ፣ ድንቅነሽን በእጇ ይዛ ሥዕሉ ፊት ቆመች። ከዚያ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች።

«እታለም! ይቺማ እኔ ነኝ።»

ዞሬ አየሁ። እውነቷን ነው። ግንባሯ፣ የተቀራረቡት ቅንድቦቿ፣ ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ያለችው ነጥብ ሳይቀር። እኔ አላየሁትም ነበር። ፊት ስፈልግ፣ እጄ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀውን ፊት አምጥቶ ኖሯል።

«ጻፊን» አለችኝ። «አራት ነን።»

«ቆይ፣ ይርገዱ። መጀመሪያ እንነጋገር።»

«ምን ቀረና እንነጋገራለን?»

ጓድ አምባቸው ከኋላዬ ቆሟል። ሲጋራ ይሸተኛል። «እህትሽ ናት? ጎበዝ! ቤተሰብ ነው ምሳሌ መሆን ያለበት» አለ። እስክሪብቶውን አነሣሁ። አካሉ፣ ይርገዱ፣ ድንቅነሽ፣ መለሰ። በዚያ በሚመሰገነው የእጅ ጽሑፌ አራቱንም ጻፍኩ።

ለምሳ ስንወጣ ቤቴ ወሰድኳትና በሩን ዘጋሁ።

«አትሂጂ» አልኳት። «ቆላ ነው። ወባ አለ። ቀድመው ከሄዱት ደብዳቤ የመጣለት ሰው አላየሁም። ልጆቹ መንገድም አይችሉ።»

«አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ። ስዳርም ልትሞቺ ነው ብለሽ አልቅሰሽ ነበር። ድንቅነሽን ስወልድም ከፈን ይዘሽ ልትመጪ ምንም አልቀረሽም። አብሽሪ፣ እታለም።»

«የአሁኑን ግን የምሬን ነው።»

«ያኔም የምርሽን ነበር።»

ዕድሜዬን በሙሉ ሳልደክም የፈራሁት ፍርሃት ዛሬ ዋጋ አጣብኝ። ተኩላ ሳይመጣ መጣ ስል እንደኖርኩ ቆጥራኛለች።

«ስሚኝ። ሥዕሉ ውሸት ነው። አገሩን አላየሁትም። ደኑንም ወንዙንም ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

«አባባ መንግሥተ ሰማያትን አይቶ ነበር የሚሥለው?»

በሩ መዘጋቱን ደግሜ አየሁ።

«አላየም» አለች። «ውሸት ግን ሥሎ አያውቅም። አንቺ ያለሽ የሱ እጅ ነው። ከሴት ሁሉ እኔን መርጠሽ እዚያ አቆምሽኝ፤ ልጄን አጥግበሽ አሳቀፍሽኝ። በአፍሽ እንዳትነግሪኝ ሰው አለ፤ ስለዚህ በእጅሽ ሂጂ አልሽኝ። እንዲህ ነው የገባኝ።»

«አላልኩም! እኔ እንዲህ አላልኩም!»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ስሠራው ምን እያልኩ እንደነበር ራሴን ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሰዉ እንዲወደው ብቻ ነው ያሰብኩት።

ይርገዱ መለሰን አዝላ ተነሣች። ከበሩ ላይ ዞራ እንዲህ አለችኝ፦ «ውሸት ከሆነ ሰውየው ፊት በይው። ለአገር ሁሉ በአደባባይ የሰቀልሽውን ትቼ፣ በር ዘግተሽ የምታንሾካሹኪውን ልመን?»

መኪኖቹ የሚነሡት ሐሙስ ነው። ሁለት ቀን ነበረኝ። ብናገር ምን እንደሚደርስብኝ አንድ በአንድ አሰብኩ፤ በዚህ ሥራ የሠለጠንኩ ነኝ። እስር ቤቱን አሰብኩ፣ አበቡ በሰው ደጅ ስትቆም አየኋት። ባልናገር የሚሆነውንም አሰብኩ፤ የሚጠባው መለሰ በማላውቀው ቆላ፣ በወባ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሐሙስ ጠዋት አበቡን አጥቤ፣ ልብሷን በጨርቅ ቋጥሬ ቄስ ውበቱ ቤት ወሰድኳት።

«አባ፣ እስከ ምሳ ካልመጣሁ…» አልኳቸው።

ቋጠሮውን አዩ። የልጅቱን እጅ ያዙና «እግዚአብሔር ይከተልሽ» አሉኝ።

ሦስት የጭነት መኪናዎች መጋዘኑ ፊት ቆመዋል። ሥዕሉን አውርደው በመጀመሪያው መኪና ጎን ላይ ዘርግተው አስረውታል። ሰዉ እየተጠራ ይጫናል። አካሉና ይርገዱ ከልጆቻቸው ጋር ሁለተኛው መኪና ላይ ወጥተዋል። ጓድ አምባቸው ወንበር ላይ ቆሞ ስም ያነባል። ቀረብኩ።

«ጓድ፣ አንድ ነገር ልናገር።»

«ተናገሪ።»

ወደ ሰዉ ዞርኩ። «ይሄን ሥዕል የሣልኩት እኔ ነኝ። አገሩን ግን አላየሁትም። ቤተ ክርስቲያን ይኑር፣ ወንዝ ይኑር አላውቅም። ከልቤ አውጥቼ ነው የሣልኩት።»

የጓድ አምባቸው ፊት ሲገረጣ አየሁ። ከዚያ ፈገግ አለ። ከኔ ይልቅ ብልህ ነበር።

«ሰማችሁ?» ብሎ ጮኸ። «ከልቧ አውጥታ ነው የሣለችላችሁ!»

አጨበጨበ። ሰዉም አጨበጨበ። «እጅሽ ይባረክ!» አሉኝ። አንዲት ሴት ከመኪናው ጎንበስ ብላ ጣቶቼን ሳመቻቸው። ለጥፊ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለእስርም ተዘጋጅቼ ነበር። ለምርቃት ግን አልተዘጋጀሁም። ሥዕሌ እያለ ቃሌን የሚሰማ አልተገኘም። ጓድ አምባቸው ከወንበሩ ወርዶ በጆሮዬ «ሁለተኛ ብትደግሚው አላውቅሽም» አለኝ።

ያላጨበጨበች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ይርገዱ ከመኪናው ላይ ሆና እያየችኝ ነው። ፈሪነቴን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በዚያ ወንበር ፊት ቆሜ አፌን መክፈቴ ምን ማለት እንደሆነ የገባት እሷ ብቻ ናት። ወደ አካሉ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነገረችው። ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ደግማ ነገረችው። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ሞተሩ ተነሣ። ይርገዱ ድንቅነሽን በብብቷ አንሥታ ከሳንቃው በላይ አሻገረቻት።

«ያዢያት!»

ልጅቱን በደረቴ ተቀበልኳት። ጫማ የላትም፤ አጥንቷ ብቻ ነው።

«ሕፃኑንም ስጪኝ!» አልኳት።

«ይጠባል እኮ፣ እታለም። በምን ታኖሪዋለሽ?» መለሰን ወደ ራሷ አጥብቃ ያዘችው። «ልክ ከሆንሽ እሷ ትተርፋለች። ልክ ካልሆንሽ ሰው ልኬ አስወስዳታለሁ። ልክ እንዳትሆኚ ጸልዪ።»

የተሳፋሪውን ቁጥር የሚይዘው ሰው «ሁለተኛው መኪና ላይ አንድ ሰው ጎደለ» ብሎ ጮኸ። ጓድ አምባቸው ዝርዝሩን አየ፣ ልጅቱን አየ፣ እኔን አየ። «ሞልቷል፤ ንዳው» አለ።

የአጅባሩንና የማሻውን አልሣልኩም። እጄ ታሟል አልኩ። ወደ መዝገብ ክፍል አዛወሩኝ፤ ሥዕሉን ሌላ ሰው ከኔው ገልብጦ ሣለው። ማሻ ደርሰው የመጡ ሰዎች «እህትሽን እዚያ ግድግዳ ላይ አየናት» ይሉኝ ነበር።

ድንቅነሽ ከኔና ከአበቡ ጋር አድጋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ቸኮል አልተመለሰም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከሰፈራ የተመለሱ ሰዎች በየጊዜው መጥተዋል፤ ሁሉንም ጠይቄያለሁ። አንዱ «አካሉ የሚባል ሰው ወባ ገደለው» አለኝ፤ የአባቱን ስም ግን አያውቅም። አንዲት ሴት ደግሞ ከንፈሯ ላይ ነጥብ ያላት ቀይ ሴት ወንዝ ዳር ጎመን ስትሸጥ አይቻለሁ አለችኝ። ስንት ዓመት ይሆነዋል ብላት ቆጥራ ቆጥራ ተወችው።

መኪና ሲመጣ ድንቅነሽ ትወጣለች። መንገደኛው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ቆማ ታያለች፤ ከዚያ ገብታ ደብተሯን ትከፍታለች። እኔ ሰው መጥቶ እንዳይወስዳት እፈራለሁ፤ የሚመጣ ሰው እንዳይጠፋም እፈራለሁ። እህቴ ያዘዘችኝን ጸሎት ግን አንድ ቀን አላስታጎልኩም።